ትራክተር ቆሞ ባትሪ ለምን ይሞታል? የገዳሪፍ የበጋ ሙቀት እና የባትሪ አያያዝ

በምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ የማሽላው አዝመራ ተሰብስቦ ሲያበቃ ትራክተሮች ሥራ ይፈታሉ። ከጥር ወይም ከየካቲት ጀምሮ በሰኔ አፈሩን የሚያርስ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ብዙዎቹ በመጋዘን፣ በዛፍ ሥር ወይም በሜዳ ላይ ይከርማሉ። ድንበሩን ተሻግሮ በመተማና በሁመራ ባሉ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎችም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው።

ዝናቡ ሲመጣ ግን ፋታ የለም። የአካባቢው ጥቁር የዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ከመጠን በላይ ሲርስ ደግሞ ትራክተር ይውጣል። ለማረስና ለመዝራት አመቺ የሆኑት ቀናት በመካከል ያሉት ጥቂቶቹ ናቸው። በእነዚህ ቀናት ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ከመነሳት ይልቅ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ብቻ ካሰማ፣ ገበሬው የሚያጣው የባትሪውን ዋጋ ብቻ አይደለም። የዘር ጊዜውንም ያጣል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በባትሪው ጥራት ላይ ነው። ነገር ግን በርካታ ባትሪዎች የሚሞቱት በሥራ ላይ ሳይሆን ቆመው ባሉባቸው ወራት ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ መከላከያውም ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ጉዳዩ አሁን ለምን ከበደ?

ገዳሪፍ በሱዳን የሜካናይዝድ ዝናብ ጠገብ እርሻ የተጀመረበት አካባቢ ነው። ሥራው የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦር እህል ለማቅረብ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ግዛቷ የአገሪቱ ዋነኛ የማሽላና የሰሊጥ አምራች ሆናለች። ለአዝመራው ሥራ በርካታ ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞች ለዓመታት በገላባት በኩል ሲሻገሩ ኖረዋል።

እአአ ሚያዝያ 15/2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች መካከል ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ የገዳሪፍ እርሻ ክብደት ጨምሯል። ከካርቱም፣ ከገዚራና ከሴናር የሸሹ በርካታ ሰዎች ወደ ግዛቷ ገብተዋል። ሌሎች የእህል አካባቢዎች የጦር ሜዳ ሆነዋል። በነሐሴ 2024 በሰሜን ዳርፉር በሚገኘው የዛምዛም መጠለያ ረሃብ መከሰቱ በይፋ ተረጋግጧል። እንዲህ ባለ ጊዜ በገዳሪፍ ሳይዘራ የሚቀር መሬት ጉዳቱ ከገበሬው ቤት አልፎ ይሄዳል።

የኤሌክትሪክ አቅርቦቱም አስተማማኝ አይደለም። በጥር 2025 በገዳሪፍ ግዛት በሚገኘው የአል-ሾዋክ የኃይል ጣቢያ ላይ በሰው አልባ አውሮፕላን በደረሰ ጥቃት በምሥራቅ ሱዳን ኃይል ተቋርጦ ነበር። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ስልክ የሚሞላው፣ የሕክምና ጣቢያ አምፑል የሚበራው፣ ውሃ የሚሳበው በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ነው። እአአ ከኅዳር 2020 ጀምሮ በትግራዩ ጦርነት ምክንያት ተከዜን ተሻግረው በሃምዳይት በኩል የገቡ ኢትዮጵያውያን በተጠለሉባቸው በኡም ራኩባና በቱናይድባህም የፀሐይ ኃይል ለብዙዎች ዋነኛ የብርሃን ምንጭ ነው።

ስለዚህ ባትሪን ዕድሜው እስኪያልቅ በአግባቡ መያዝ ለትራክተር ባለቤት ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት አይደለም።

የተሳሳተው "ክረምት"

ከባትሪ ወይም ከማሽን ጋር የሚመጡ የአያያዝ መመሪያዎች ብዙዎቹ የተጻፉት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ላሉ ተጠቃሚዎች ነው። በእነዚያ አገራት ማሽን ለወራት የሚቆመው በብርድ ወራት ነው። የጀልባ ባለቤቶች ሐይቁ ከመቀዝቀዙ በፊት ጀልባቸውን ከውሃ ያወጣሉ፤ ባትሪውን ፈትተው እስከ ቀጣዩ ሙቀት ወቅት ያስቀምጣሉ። መመሪያዎቹ አጥብቀው የሚያስጠነቅቁትም ባትሪው በበረዶ እንዳይመታ ነው።

የተዳከመ ባትሪ በእርግጥም በብርድ ሊፈነዳ ይችላል። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ የሚረጋው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው። ባዶ በሆነ ባትሪ ውስጥ ግን ፈሳሹ ወደ ውሃነት ስለሚቀርብ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ ሊረጋና ሳጥኑን ሊሰነጥቅ ይችላል።

መመሪያው ወደ አማርኛ ሲመለስ "ዊንተር" የሚለው ቃል "ክረምት" ይሆናል፤ ግራ መጋባቱም ከዚህ ይጀምራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ክረምት የዝናብ ወቅት ነው። በቆላው እርሻ ደግሞ ክረምት ትራክተር የሚሠራበት እንጂ የሚቆምበት ጊዜ አይደለም። በሱዳን አረብኛም ተመሳሳይ ነገር አለ። "ኸሪፍ" የሚለው ቃል በሌሎች አረብ አገራት ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት ሲያመለክት፣ በሱዳን ግን የዝናቡ ወቅት መጠሪያ ነው።

በመሆኑም በገዳሪፍ፣ በመተማና በሁመራ መመሪያው ተገልብጦ መነበብ አለበት። ማሽኑ የሚቆመው ዓመቱ በጣም በሚሞቅበት ጊዜ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የከሰዓት በኋላው ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል። እዚህ የባትሪ ጠላት በረዶ ሳይሆን ሙቀት ነው። አንድ መሠረታዊ ሕግ ግን ለሁለቱም ይሠራል፤ ባትሪ መቀመጥ ያለበት ሞልቶ ነው።

ባትሪው ውስጥ ምን ይከናወናል?

በትራክተር፣ በጭነት መኪና፣ በሞተር ጀልባና በብዙ የፀሐይ ኃይል ሥርዓቶች ላይ የሚገኘው ባትሪ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የዚህን ባትሪ የመጀመሪያ ሥሪት የሠራው በ1859 ነበር። የአሠራር መርሁ እስካሁን አልተለወጠም።

ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ወደ 2.1 ቮልት ያመነጫል። በየክፍሉ ከእርሳስና ከእርሳስ ኦክሳይድ የተሠሩ ፕሌቶች በውሃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተነክረው ይገኛሉ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ከአሲዱ የሚወጣው ሰልፌት በፕሌቶቹ ላይ ተጣብቆ የእርሳስ ሰልፌት ይሆናል። ባትሪው ሲሞላ ደግሞ ሂደቱ ይገለበጣል፤ ሰልፌቱ ወደ አሲዱ ይመለሳል።

ችግሩ ባትሪ ምንም ሳይሠራበትም ቀስ በቀስ ኃይሉን የሚያጣ መሆኑ ነው። በፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት እየተፈጠረ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ሰልፌቱ ደቃቅ ስለሆነ ባትሪው ሲሞላ በቀላሉ ይሟሟል። ለሳምንታትና ለወራት ሳይነካ ሲቆይ ግን ጠጥሮ ትላልቅ ክሪስታሎች ይሠራል። ከዚህ በኋላ ቻርጀር ቢሰካም በቀላሉ አይለቅም። የፕሌቱ የተወሰነ ክፍል ከሥራ ውጭ ይሆናል። መካኒኮች "ባትሪው አልይዝ አለ" የሚሉት ብዙውን ጊዜ ይህንን ነው።

ሙቀት ይህንን ሂደት ያፋጥነዋል። በጥቅሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ባትሪው ቆሞ የሚያጣው ኃይል በእጥፍ ገደማ ይጨምራል።

በስሌት እንየው። አንድ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሙቀት በወር 4 በመቶ ኃይሉን ቢያጣ፣ በ35 ዲግሪ ወደ 8 በመቶ፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ ወደ 16 በመቶ ያጣል። ከየካቲት እስከ ሰኔ ባሉት 5 ወራት፣ 35 ዲግሪ በሆነ ጥላ ሥር የተቀመጠው ባትሪ 40 በመቶ ገደማ ያጣል። በፀሐይ በጋለ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ 45 ዲግሪ ላይ የከረመው ግን 80 በመቶ ያህል አጥቶ ባዶ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ሁለቱም በአንድ ቀን ተገዝተው፣ በአንድ ቀን ሞልተው ቢቀመጡ እንኳ ውጤቱ ይህን ያህል ይራራቃል።

ሙቀት የፕሌቶቹን ዝገትና የውሃውን መድረቅም ያፋጥናል። በጠቅላላው ሲታይ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የሚጠበቅበት ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ላይ 4 ዓመት የሚያገለግል ባትሪ በቆላው ያን ያህል ካልቆየ ምክንያቱ የግድ ሻጩ አታሎ አይደለም።

ከመቀመጡ በፊት

ጥሩ አያያዝ የሚጀምረው ትራክተሩ ከመጨረሻው ሥራ በተመለሰበት ቀን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ባትሪውን መፍታት ነው። የማሽኑ ቁልፍ ቢጠፋም አንዳንድ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ሰዓት፣ የማስጠንቀቂያ ደወል ወይም አቅጣጫ መከታተያ፣ ጥቂት ጥቂት ኃይል መሳባቸውን ይቀጥላሉ። በመጀመሪያ የኔጌቲቩ ገመድ ይፈታል፤ ቀጥሎ የፖዘቲቩ። ሲታሰር ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ፖዘቲቩ መጀመሪያ፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ። ይህ ቅደም ተከተል መፍቻው የማሽኑን ብረት ቢነካ ብልጭታ እንዳይፈጠር ያደርጋል።

ሁለተኛው ጽዳት ነው። በባትሪው አናት ላይ የተጋገረ አቧራና የአሲድ እርጥበት ሲደባለቁ በሁለቱ ጫፎች መካከል ኤሌክትሪክ እንዲሾልክ መንገድ ይከፍታሉ። ክዳኖቹ በደንብ መዘጋታቸው ከተረጋገጠ በኋላ በቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠ ውሃ አሲዱን ያከሽፈዋል፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል። በጫፎቹ ላይ የተጋገረው ነጭ ወይም አረንጓዴማ ዝገት በብሩሽ ይነሳል፤ ስስ የግሪስ ወይም የቫዝሊን ቅባት ደግሞ ተመልሶ እንዳይዝግ ይረዳል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። የሚከፈት ክዳን ባላቸው ባትሪዎች ፕሌቶቹ ሁልጊዜ በፈሳሹ መሸፈን አለባቸው። የጎደለው የሚሞላው በተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የጉድጓድ፣ የኩሬና የቧንቧ ውሃ የያዟቸው ማዕድናት በፕሌቶቹ ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። አሲድ መጨመርም ስህተት ነው፤ ከባትሪው የሚተንነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ፕሌቶቹ ካልተጋለጡ በቀር ውሃው የሚሞላው ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ነው። ፈሳሹ ሲሞላ ከፍ ስለሚል አስቀድሞ እስከ አፉ የተሞላ ባትሪ አሲድ ይተፋል።

አራተኛውና ዋነኛው ሥራ ሙሉ ቻርጅ ማድረግ ነው። ለተለመደው ባትሪ ተስማሚው የቻርጅ ጉልበት የባትሪው አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ለምሳሌ ባለ 120 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በ12 አምፔር። በችኮላ በከፍተኛ ጉልበት የተሞላ ባትሪ ይግላል፤ ፕሌቶቹም ይጎዳሉ። የሳጥኑ ሙቀት 50 ዲግሪ ከደረሰ ሥራው ይቋረጥ። በቆላ ለዚህ የሚመረጠው ጊዜ ሌሊት ወይም ማለዳ ነው።

አንዳንዶች ባትሪው "እንዲያርፍ" በማለት አሲዱን ቀድተው ያወጣሉ። ይህ ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው። አንዴ አሲድ የነካ ፕሌት ለአየር ሲጋለጥ ወዲያውኑ መበላሸት ይጀምራል። ያለ አሲድ ሊቀመጥ የሚችለው ከፋብሪካ ደርቆ የመጣና ማሸጊያው ያልተከፈተ አዲስ ባትሪ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን የሚገዛ ሰው አሲዱን መጨመር ያለበት ሥራ ሊጀምር ሲል ነው።

የት ይቀመጥ?

ለባትሪ ጥሩ ቦታ ጥላ ያለበት፣ አየር የሚዘዋወርበትና ከልጆች የራቀ ነው። በዚህ ረገድ የአካባቢው የግንባታ ልማድ ከዘመናዊው መጋዘን ይሻላል። በሱዳን "ራኩባ" የሚባለው በእንጨትና በሣር የሚሠራ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ፣ ከቆርቆሮ መጋዘን ይልቅ ይቀዘቅዛል። የኡም ራኩባ መጠለያ ስምም ይህንኑ ቃል ይዟል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ቤትም ጥሩ ነው።

ሣር ክዳን ባለበት ግን ባትሪ ይቀመጣል እንጂ ቻርጅ አይደረግም። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን የተባለ ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃና የቡና እሳት ባሉበት ወይም ሰው በሚተኛበት ክፍል ቻርጅ ማድረግ አደገኛ ነው። ቻርጀሩ የሚሰካውም ሆነ የሚነቀለው የባትሪው ገመዶች ታስረው ባሉበት፣ ኃይሉ ከምንጩ ከተቋረጠ በኋላ መሆን አለበት።

ባትሪን በሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ ኃይሉን ያስመጥጣል የሚለው እምነት በስፋት ይሰማል። መነሻው የባትሪ ሳጥን ከእንጨትና ከጎማ ይሠራ የነበረበት ዘመን ነው። በዛሬው የፕላስቲክ ሳጥን ወለሉ ለውጥ አያመጣም። ጣውላ ላይ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ምናልባት የሚንጠባጠብ አሲድ ወለሉን እንዳያበላሸው ነው።

በየወሩ የሚደረግ ቁጥጥር

በቀዝቃዛ አገራት የተቀመጠ ባትሪ ለ3 ወራት ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። በገዳሪፍ በጋ ግን ቢያንስ በወር አንዴ መታየት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አነስተኛ የቮልት መለኪያ ነው። ባትሪው ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ወዲያው ቢለካ የተጋነነ ቁጥር ስለሚያሳይ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ መለካት ይመረጣል።

ንባቡ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.4 ቮልት ሦስት አራተኛ ገደማ መሆኑን ያሳያል፤ እንደገና መሙላት የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። 12.2 ቮልት ግማሽ ነው፤ ሰልፌቱ መጠጠር ጀምሯል ማለት ነው። 12 ቮልት ከደረሰ ሩብ ያህል ብቻ ቀርቶታል፤ ከዚያ በታች ደግሞ በአስቸኳይ መሙላት ያስፈልጋል።

ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ያለው ሰው በሃይድሮሜትር የአሲዱን ክብደት መለካት ይችላል። በሙሉ ባትሪ ንባቡ ከ1.260 እስከ 1.280 ይሆናል። ለሞቃት አገራት የሚዘጋጁ ባትሪዎች ሆን ተብሎ ቀጠን ባለ አሲድ ስለሚሞሉ ሞልተውም ወደ 1.240 ሊያሳዩ ይችላሉ። ከቁጥሩ ይበልጥ ዋናው በክፍሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በ0.050 ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ ያ ክፍል ሊሞት ነው፤ ባትሪውም በዘር ወቅት እምነት የሚጣልበት አይሆንም።

በየሳምንቱ ሞተሩን አስነስቶ ለጥቂት ደቂቃዎች ማቆየት ባትሪውን ይሞላል ብለው የሚያስቡ አሉ። የናፍጣ ሞተር ለመነሳት በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። ሞተሩ በዝግታ ለጥቂት ጊዜ ሲዞር ያንን ያህል ላይተካ ይችላል። ናፍጣ በተወደደበት ጊዜ ደግሞ ብክነት ነው።

የተሻለው መፍትሔ በአካባቢው የሚትረፈረፈውን ፀሐይ መጠቀም ነው። ባለ 10 ዋት ትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ በጥሩ ፀሐይ ግማሽ አምፔር ገደማ ይሰጣል፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ 3 አምፔር-ሰዓት ማለት ነው። ባለ 120 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በ45 ዲግሪ እንኳ በወር የሚያጣው ወደ 19 አምፔር-ሰዓት ነው። ስለዚህ ትንሿ ሰሌዳ የጎደለውን በሳምንት ጊዜ ውስጥ ትተካለች። በመካከሉ ግን የቻርጅ መቆጣጠሪያ መኖር አለበት፤ አለዚያ ባትሪው ከሞላ በኋላም መሞላቱን ቀጥሎ ውሃው ይደርቃል። ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ባትሪው ጥላ ሥር መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

የመብራትና የስልክ ባትሪዎች

በመጠለያዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በሕክምና ጣቢያዎች ያሉ የፀሐይ ኃይል ባትሪዎች ችግራቸው ትንሽ ይለያል። እነዚህ በየቀኑ ይሠራሉ፤ የሚጎዳቸውም በየሌሊቱ እስከ መጨረሻው መሟጠጣቸው ነው። ኃይሉን በየቀኑ ከግማሽ በታች የማያወርድ ሰው ባትሪው ለረጅም ጊዜ ያገለግለዋል። ለዚህ የተሠራውም ወፍራም ፕሌት ያለው የፀሐይ ኃይል ባትሪ ነው። የመኪና ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ለመብራትና ለቴሌቪዥን ሲውል ቶሎ ይደክማል።

ሕንጻው ለወራት የሚዘጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሠራተኞች በጸጥታ ምክንያት ሲለቁ፣ ዕቃዎቹ ከባትሪው ይነቀሉ፤ ሰሌዳው ግን በመቆጣጠሪያው በኩል ባትሪውን መሙላቱን ቢቀጥል ይመረጣል። ሁሉንም መንቀል ግድ ከሆነ በመጀመሪያ ሰሌዳው፣ ቀጥሎ ባትሪው ከመቆጣጠሪያው ይነቀላል። ሲመለስ ባትሪው ቀድሞ ይሰካል። ይህን ቅደም ተከተል አለመጠበቅ በርካታ መቆጣጠሪያዎችን አቃጥሏል።

በአዳዲስ የፀሐይ ኃይል መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኘው የሊቲየም ባትሪ ሌላ ሕግ አለው። እርሱ ሙሉ ሆኖ በሙቀት ውስጥ መቀመጥ አይስማማውም። ለወራት የሚቀመጥ የሊቲየም ባትሪ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ቢሆን ይሻላል። ሁለቱን ዓይነቶች በአንድ መመሪያ መያዝ ከተለመዱት ስህተቶች አንዱ ነው፤ የባትሪው ዓይነት ግን በሳጥኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የሞተ ባትሪ ሌላ አደጋ

ሁሉም ባትሪ አይድንም። በቀስታ ለአንድ ቀን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ከ12.4 ቮልት በታች የሚወርድ ባትሪ ለዘር ወቅት አያስተማምንም። ሳጥኑ ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ሲሞላ የገማ ዕንቁላል ሽታ ካወጣ ቻርጁን አቋርጦ ከቦታው መራቅ፣ ክፍሉንም አየር እንዲገባበት ማድረግ ያስፈልጋል። አዲስ አሲድ፣ ጨው ወይም ሌላ ዱቄት በመጨመር የሚገኘው ጉልበት ቢኖርም ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ጉዳቱ ግን ዘላቂ ነው።

የሞተ ባትሪ ዋጋ አለው፤ በውስጡ ያለው እርሳስ ቀልጦ እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል። አደጋውም ከዚህ ይመጣል። ባትሪን በመኖሪያ ግቢ በመጥረቢያ ፈልጦ እርሳሱን በድስት ማቅለጥ መርዙን በአፈር፣ በልብስና በአየር ላይ ይበትናል። በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ዳርቻ በምትገኘው ቲያሮይ-ሱር-ሜር፣ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ 18 ሕጻናት በእርሳስ መመረዝ ሞተዋል። መንስኤው ነዋሪዎች ከአሮጌ ባትሪዎች እርሳስ የሚለቅሙበት አፈር ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም። ሕጻናት ይበልጥ ይጎዳሉ፤ እርሳስ የአእምሮ ዕድገታቸውን ያውካል። ስለዚህ የሞተ ባትሪ ሳይከፈት፣ አሲዱ መሬት ላይ ሳይደፋ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ለሚሰበስብ ነጋዴ ወይም አዲስ ለሚሸጠው ሱቅ መመለስ አለበት። ብዙ ሻጮች አሮጌውን ተቀብለው ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀንሳሉ።

አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መታጠብ፣ ዓይን ከሆነ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በባትሪ አጠገብ ለሚሠራ ሰው አንድ ጄሪካን ውሃ አጠገቡ ማስቀመጥ ብዙ ጉዳት ይከላከላል።

ከዝናቡ ሁለት ሳምንት በፊት

የባትሪው የመጨረሻ ፈተና መደረግ ያለበት ደመናው ሲከብድ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። ባትሪው ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ፣ አድሮ፣ በማሽኑ ላይ ይታሰር። ሞተሩ ሲነሳ የቮልት መለኪያው ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ገመዱ ችግር አለበት። ብዙ ጊዜ የዛገ ወይም የላላ ማሰሪያ ጤነኛውን ባትሪ የሞተ ያስመስለዋልና አዲስ ከመግዛት በፊት ማሰሪያውን ማጽዳትና ማጥበቅ ይገባል።

አዲስ መግዛት ግድ ከሆነም ሁለት ሳምንት ማለት ከገዳሪፍ ወይም ከጎንደር ገበያ ለማስመጣት፣ ዋጋ ለማወዳደርና በሳጥኑ ላይ የታተመውን የምርት ቀን ለማየት የሚበቃ ጊዜ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ አሲድ ሞልቶ አንድ በጋ የከረመ "አዲስ" ባትሪ በመጋዘን ከከረመው አሮጌ ባትሪ የተለየ ዕጣ የለውም።

አንድ ቻርጀር፣ አንድ የቮልት መለኪያና አንዲት ትንሽ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ለአንድ ገበሬ ወጪ ሊሆኑ ይችላሉ። ጎረቤታሞች በጋራ ቢገዟቸው ግን ሙሉ በጋውን ተራ በተራ የብዙ ትራክተሮችን ባትሪ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ያሉት አመቺ ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ትራክተሩ በእነዚያ ቀናት መነሳቱ የሚወሰነው ግን ከየካቲት ጀምሮ ባትሪው በተያዘበት ሁኔታ ነው።